ፕሪንተር ቀይሪ ተባልኩ

ጥያቄ፦ ቤት ያለው ኮምፒውተሬ አሮጌ ነው፣ ዊንዶውስ 7። የተማሪዎቼን ፈተና ፕሪንት ሳዝዝ «ኤረር» ይላል። ትእዛዙን ላጠፋው ስል «ዲሊቲንግ» እንዳለ ይቀራል። ሰው ሁሉ ፕሪንተር ቀይሪ ይለኛል።
መምህርት፣ ከደብረ ሲና

መልስ፦ መምህርት፣ ብርዎን አያውጡ! ችግሩ ፕሪንተሩ ሳይሆን ወረፋው ይመስለኛል። ኮምፒውተሩ የሚታተመውን መጀመሪያ አንድ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጣል። አንዱ ፋይል ከተበላሸ የኋላው ሁሉ ይቆማል፤ ጣርማ በር ዋሻ ውስጥ መኪና እንደተበላሸ ማለት ነው።

ፕሪንተሩን ያጥፉ። ስታርት ላይ «ሰርቪስስ» ብለው ይፈልጉና «ፕሪንት ስፑለር» የሚለውን፣ ማለትም ወረፋውን የሚያስተናግደውን፣ ስቶፕ ያድርጉ። ከዚያ ሲ ድራይቭ፣ ዊንዶውስ፣ ሲስተም 32፣ ስፑል፣ ፕሪንተርስ ብለው ይግቡ። ፈቃድ ከጠየቀዎት «ኮንቲኒው» ይበሉ። ውስጡ ያሉትን ፋይሎች ብቻ ያጥፉ፤ ፎልደሩን ራሱን እንዳይነኩት አደራ። ስፑለሩን መልሰው ስታርት ያድርጉና ፕሪንተሩን ያብሩ። ፈተናዎ አይጠፋም፣ አይስጉ። የሚጠፋው ለህትመት የተዘጋጀው ቅጂ ብቻ ነው።

ኤረሩ ከተመለሰ ገመዱን ሌላ ዩኤስቢ ላይ ይሰኩ። እንቢ ካለ ድራይቨሩን፣ ማለትም ኮምፒውተሩን ከፕሪንተሩ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም፣ አጥፍተው እንደገና ይጫኑት።

ደግሞ እናንተ ጋ ጉም ይበዛል። ወረቀት እርጥበት ከሳበ ተጣብቆ ሁለት ሁለት ይገባል። የተከፈተውን ጥቅል በፌስታል አስረው ያስቀምጡ።