የእናቴ ጉልበትና የሩዙ ካልሲ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እናቴን ብርድ ሲሆን ጉልበቷን ያማታል። ካልሲ ውስጥ ሩዝ ሞልቼ፣ አፉን ቋጥሬ፣ በማይክሮዌቭ አሞቅና አስይዛታለሁ። ሰሞኑን ካልሲው ጠቆር ብሎ አረር አረር ሸተተኝ። ወንድሜ «ብረት ካልገባበት ማይክሮዌቭ እሳት አያስነሳም» ይላል። እርስዎስ ምን ይላሉ?
ከታቦር ክፍለ ከተማ፣ ሐዋሳ

መልስ፦ እህቴ፣ ወንድምሽ የያዘው ግማሹን ነው። ፎይል፣ የስቴፕለር ሽቦ፣ ወርቃማ ቅብ ያለው ሲኒ ሁሉ ብልጭታ ያስነሳል። ያንቺን ካልሲ ያሳረረው ግን ድርቀት ነው።

ማይክሮዌቭ አብልጦ የሚያሞቀው ውሃን ነው። የገበያ ሩዝ ደረቅ ቢመስልም ከመቶ ከ12 እስከ 14 ገደማ እርጥበት አለው፤ ይህም በእንፋሎት ሲወጣ ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ባሞቅሽው ቁጥር ግን እየቀነሰ ይመጣል። ሞገዱም እኩል ስለማያርፍ፣ የደረቀው ሩዝ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ሊከስል ይችላል። ከላይ ስትነኪው ለብ ያለ ነው፣ ውስጡ አመድ የለበሰ ፍም። እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ አውጥተሽ ጋቢ ስር ካስገባሽው በኋላ ያለው ነው። ጋቢው ሙቀቱን አፍኖ ይይዘዋል፣ እናትሽን ደግሞ እንቅልፍ ወስዷቸዋል።

እንግሊዝ አገር እንዲህ ያለ የስንዴ ከረጢት ተሠርቶ ይሸጣል፤ ቢኤስ 8433 የሚባል የደረጃ መስፈርትም ወጥቶለታል። ያንቺን ካልሲ ማን ለካው? ናይለን ካለበት ደግሞ ይቀልጣል። ይልቅ ከፋርማሲ የጎማ የሙቅ ውሃ መያዣ ግዢላቸው፤ የፈላ ውሃ ሳትጨምሪ፣ በፎጣ ጠቅልለሽ።

በክረምት የሕፃን ልብስ በማይክሮዌቭ የምታደርቁም ስሙ፤ ጨርቁ እርጥበቱን ከጨረሰ በኋላ ሊነድ ይችላል። ከአሞራ ገደል የመጣ የተጠበሰ ዓሣ ከነጋዜጣው የምታሞቁም እንደዚያው። (የዚህ መጽሔት ገጽም አይሻልም።)

ውስጡ እሳት ካየሽ በሩን እንዳትከፍቺው! አየር ካላገኘ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ይታፈናል። አጥፊው፣ ሶኬቱን ንቀዪ፤ መቅረብ ካስፈራሽ ከብሬከሩ አጥፊ። እየባሰ ከሄደ እናትሽን ይዘሽ ውጪና እሳት አደጋ ጥሪ።

ያረረ ሩዝ ስትጥዪም መጀመሪያ ደጅ አውጥተሽ ውሃ አፍስሺበት፤ ከነፍሙ ቆሻሻ መጣያ ከገባ ሌላ ደብዳቤ ልትጽፊልኝ ነው።