ከኦቦክ ቀጥሎ

ለወጣት የሙያ ልጆቼ፣

ባለፈው ወር ለማኅበራዊ ሥራ ተመራቂዎች ስለ ስደተኞች ጥበቃ እንድናገር ተጋብዤ ነበር። ጨርሼ ውኃ ስጎነጭ ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «እማማ» አለኝ። በስብሰባ ላይ እማማ ስባል የመጀመሪያዬ ነው፤ ጡረታ መውጣቴ ከደብዳቤው ይልቅ ያን ጊዜ ገባኝ። «እማማ፣ ልጆቹን ለደላላ አሳልፎ የሚሰጠው ራሱ ማኅበረሰቡ አይደለም እንዴ? ታዲያ ማኅበረሰቡ ይጠብቃቸው ማለት ሥጋን ለጅብ አደራ መስጠት አይሆንም?»

አዳራሹ ሳቀ። እኔም ፈገግ ብዬ ለእንዲህ ያለው ጥያቄ ለዓመታት ያዘጋጀሁትን መልስ ሰጠሁት፤ ስለ ግንዛቤ፣ ስለ ተሳትፎ፣ ስለ ባለቤትነት። ተጨበጨበልኝ። ልጁ ግን አላጨበጨበም፤ ደግሞም ልክ ነበር። ማታ ቤቴ ስገባ ዓይኔ ላይ የዞረው አንድ የተማሪ ደብተር ነው፤ ሽፋኑ የተገነጠለ፣ ጠርዙን ቡና የነካው። ይህን የምጽፈው ለዚያ ልጅ ነው፤ እናንተም አንብቡት።

ታሪኩ ከ2006 ዓ.ም. ይጀምራል። ያን ዓመት ጥቅምት መጨረሻ ላይ ሳዑዲ ዓረቢያ ፈቃድ የሌላቸውን ማባረር ስትጀምር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። ቦሌ ሌት ተቀን አውሮፕላን ያርፍ ነበር፤ ከተቀባዮቹ አንዷ ነበርኩ። ከዚያ ሁሉ ሰው ፊቷ የማይጠፋኝ ብርድ ልብሱንም ውኃውንም ትታ «ስልክሽን ለአንድ ደቂቃ» ያለችኝ ልጅ ናት። ቁጥሩን በቃሏ ደወለች፤ የሚያነሣ የለም። ደገመች፤ የሚያነሣ የለም። ስልኬን መልሳልኝ አውቶቡስ ተሳፈረች። የትውልድ ወረዳዋን ቅጹ ላይ በሚገባ ሞልቻለሁ። እዚያ ስትደርስ ማን እንደሚቀበላት የሚጠይቅ ቦታ ግን ቅጹ አልነበረውም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። ከደብተሩ ጋር ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል። ለእኔ ይገናኛል።

በ2008 መግቢያ፣ ድርቁ በከፋበት ዓመት፣ ሕገ ወጥ ስደትን የሚከላከል የአንድ ፕሮጀክት ኃላፊ ሆኜ ደቡብ ወሎ ወረድኩ። ቀበሌው ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ በኩል ነው። ከባቲ ወዲያ ሚሌ፣ ከሚሌ ጋላፊ፣ ከጋላፊ ድንበሩን ተሻግሮ ጅቡቲ። ሰኞ የባቲ ገበያ በሚውልበት ቀን በገበያተኛው መሐል ደላላ የሰበሰባቸው ልጆች ተቀላቅለው ይወርዱ ነበር፤ የሚያውቅ ያውቃቸዋል፤ የሚሸጡት ነገር አልያዙም። የመን ውስጥ ጦርነት ከተጀመረ ወራት አልፈዋል፤ መሻገሩ ግን አልቆመም። በቀጣዩ የ2016 እ.ኤ.አ. ዓመት ብቻ ከአፍሪካ ቀንድ ወደ የመን የተሻገረው ሰው ከ100 ሺህ በላይ ነበር፤ አብዛኛው የእኛው ልጅ።

በመጀመሪያው ሳምንት ሴቶቹ ቡና ጠሩኝ። ዱዓው አልቆ ሁለተኛው ሲቀዳ ስድሳ ዓመት የሚጠጋቸው አንዲት እናት ከመደቡ ሥር ደብተሩን አውጥተው ጭኔ ላይ አኖሩልኝ። ራሳቸው ማንበብ አይችሉም፤ የምትጽፍላቸው ሰባተኛ ክፍል የምትማር የልጅ ልጃቸው ናት። በየገጹ የአንድ የሄደ ልጅ ስም፣ የእናቱ ስም፣ የወሰደው ደላላ ስምና የወጣበት ቀን ሰፍሯል። ከሥሩ ጭረቶች አሉ። ልጁ በደወለ ቁጥር እናቱ መጥታ አንድ ጭረት ታስጨምራለች፤ ከጭረቱ አጠገብ የደወለበት ቦታ ይጻፋል። ዲኪል። ኦቦክ። ራስ አል ዓራ። ጂዛን። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጅቡቲ ውስጥ ናቸው፤ ሦስተኛው የየመን ዳርቻ፣ አራተኛው ሳዑዲ። ካርታ አይተው የማያውቁ ሴቶች ጀልባው ከየት ተነሥቶ የት እንደሚጥል፣ የመን ዳርቻ ላይ ማስለቀቂያ የሚጠየቀው በየትኛው ጠረፍ እንደሆነ አንድ በአንድ ነገሩኝ። እኔ የዲኪልን ስም የሰማሁት ከእነርሱ ነው።

ሁለት ወር ሙሉ ጭረት ያልተጨመረበት ገጽ ሲገኝ ሴቶቹ ተጠራርተው ደላላው ደጃፍ ሄደው ይቀመጣሉ። አይጮኹም፣ አይሳደቡም፤ ተከናንበው መቀመጥ ብቻ። ደላላው የዚያው ቀበሌ ልጅ ነው፤ እናቱ የዚያው ቅሬ አባል ናቸው። ለማታውቁት፣ ቅሬ ወሎ እድርን የሚጠራበት ስም ነው፤ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብሮ የሚቀባበርበት። ከቅሬ የወጣ ሰው እናቱ ስትሞት መቃብር የሚቆፍርለት አያገኝም። እናም ደላላው ጀንበር ሳትጠልቅ ጅቡቲ ላለው ባልደረባው ይደውላል፣ ልጁ ያለበትን ያጣራል፣ ወጥቶ ይናገራል። ፖሊስ በዓመት የማያወጣውን ወሬ እነዚያ ሴቶች ባንድ ከሰዓት ያወጡት ነበር።

ሌላም ነገር ነበራቸው። ከየመን የተመለሰ አንድ ወጣት ለመሄድ የቆረጡትን ማታ ማታ ሰብስቦ ያያቸውን ይነግራቸዋል። ጅቡቲ ውስጥ የአሳልን ሐይቅ ዳር በዚያ ሙቀት ያለ በቂ ውኃ ማለፍ ሞት እንደሆነ። የቤት ስልክ ቁጥር በወረቀት ሳይሆን በቃል እንደሚያዝ። ለአጋቾች ውጭ አገር ዘመድ አለኝ ማለት ማስለቀቂያውን እንደሚያንረው።

እኔ ደነገጥኩ። መኪናዬ ውስጥ «ሕገ ወጥ ስደት ይቁም» የሚል ጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ እነዚህ ደግሞ መንገድ ያሳያሉ! ልጆቹን ማደፋፈር ነው ብዬ ለባለ ደብተሯ እናት በትሕትና አስረዳኋቸው። ስኒዬን እየሞሉ «አብሽሪ ልጄ» አሉኝ፤ «ሂዱ አላልንም። የሚሄደውን ነው የምንቆጥረው።»

ይህ ቃል ያን ቀን አልገባኝም። መከላከል አንድ ነገር ነው፤ መጠበቅ ሌላ። እኔ የተላክሁት ለመከላከል ነበር፤ የሄደው ልጅ ከሄደ በኋላ በዕቅዴ ውስጥ የለም። ለእነርሱ ግን ልጁ ጋላፊን ስለተሻገረ ልጅነቱ አይቀርም።

ያደረግሁትን ልንገራችሁ። ኅዳር ላይ ኮሚቴ አቋቋምኩ። ሊቀመንበር፣ ጸሐፊ፣ ማኅተም፣ በአራት ቅጂ የሚሞላ ቅጽ፣ ለስብሰባ አበል። የወጣቱን የማታ ወሬ አስቁሙት ያልኩት እኔ ነኝ፤ ማንም አላዘዘኝም። ባለ ደብተሯን እናት «አባል» አደረግኋቸው፤ ቃለ ጉባኤ ሲነበብ ከኋላ ተቀምጠው ያዳምጡ ነበር። በ2007 ማብቂያ ላይ በሰው መነገድንና ስደተኛን በሕገ ወጥ መንገድ ማሻገርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 909/2007 ወጥቶ ስለነበር (በኋላ በ1178/2012 ተተክቷል) የደላላ ስም ለወረዳው ይተላለፍ አልን። በደላላ ላይ ከባድ እስራት መደንገጉን አልቃወምም። ግን ደላላው የባል ወንድም፣ የክርስትና ልጅ፣ የጎረቤት አማች ነው። ስሙ ለፍርድ ቤት እንደሚሄድ የሰሙ እናቶች ስም መጥራት ተዉ። ስም ከሌለ ደግሞ የሚቀመጡበት ደጃፍ የለም።

የማኅበረሰብ ውይይትን እያጣጣልኩ እንዳይመስላችሁ። በኤች አይ ቪ ዘመን አድጎ አይቼዋለሁ። ዶክተር ቦጋለች ገብሬ በከምባታ የሴት ልጅ ግርዛትን በዚሁ መንገድ ሲታገሉ፣ ያልተገረዙ ሙሽሮች በአደባባይ ተዳሩ። እዚያ ግን ሰዎቹ ሲናገሩ የሚያዳምጥ ነበር። እኔ ውይይቱን የጀመርኩት መደምደሚያውን ይዤ ነው።

በመጋቢት 2009 ሳዑዲ እንደገና የ90 ቀን የምሕረት ጊዜ አወጀች። ፕሮጀክታችን ሊዘጋ ጥቂት ወራት ቀርተውታል። የቀበሌው ሰዎች መጥተው ማን የት እንዳለ፣ ማን ሊመለስ እንደሚችል ጠየቁን። የኮሚቴውን መዝገብ ገለጥን። ምን ያህል ሰው እንደሠለጠነ አለ፣ ከእነርሱ ስንቱ ሴት እንደሆነ አለ፣ ስንት በራሪ ወረቀት እንደተበተነ አለ። የአንድም የሄደ ልጅ ስም የለም።

ወደ ባለ ደብተሯ እናት ሄድኩ። ደብተሩን ከዚያው ከመደቡ ሥር አወጡት። የመጨረሻው ጭረት የኅዳር 2008 ነው።

«እናንተ ይዛችሁታል ብዬ ተውኩት» አሉኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

አንድ ገጽ ላይ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ስም አለ። መስከረም የወጣች። ሁለት ጭረት፤ ዲኪል፣ ኦቦክ። እናቷ ሦስት ጊዜ ኮሚቴው ዘንድ መጥታ ልጄ ጠፋችብኝ ብላ ነበር። ሪፖርታችን ውስጥ ፈልጌ አገኘሁት፤ «1 ጉዳይ ለወረዳ ተላልፏል» ይላል። ብቻዋን ደላላው ደጃፍም ሄዳለች። ስልኳ ተሰብሮ ነው ብሎ ቡና ጋብዞ መለሳት። ዐሥር ሴቶች ቢሆኑ ቡና ጋብዞ አይመልሳቸውም ነበር። እኔ በደረስኩበት ጊዜ ደግሞ እናቱ ሞተው ቅሬው በክብር ቀብሯቸዋል፤ እርሱም ወደ ሌላ ከተማ ገብቷል። የሚይዘው ነገር አልቀረም።

እንግዲህ ልጄ፣ ጥያቄህ ልክ ነው። አሳልፎ የሚሰጠውም፣ ተከናንቦ የሚቀመጠውም ያው ሰው ነው። ጉልበቱም ከዚያ ነው የሚመጣው፤ ደላላውን የሚያስፈራው የሚያውቁት ሰዎች ናቸው እንጂ ከአዲስ አበባ መኪና ይዤ የሄድኩት እኔ አይደለሁም። ግን ሴቶቹን መላእክት አድርጌ ልሥላቸው አልፈልግም። በአንድ ሀብታም ደላላ ደጃፍ ሲቀመጡ አላየሁም። ተደፍራ የተመለሰች ልጅ ጉዳይ «ሰላማችን እንዳይደፈርስ» ተብሎ በሽማግሌ ሲሸፈንም እዚያው ቀበሌ ነበርኩ፤ የቅሬው ዳኛ ራሳቸው ነበሩ የሸፈኑት። ባዶ እጁን የተመለሰ ወንድ ልጅ ሠርግ ቤት ውስጥ የት እንደሚቀመጥም አይቻለሁ። ማስለቀቂያ ሲጠየቅ ሴቶቹ ያዋጡ ነበር፤ መክፈል ንግዱን ይመግባል ብዬ ተከራክሬያለሁ፣ አሁንም እላለሁ። የእኔ ልጅ ብትሆን ግን ቤቴን ሸጬ እከፍል ነበር።

ስለ እናንተም አንድ ነገር ልበል፣ አትቀየሙኝ። ቡና በተጠራችሁበት ቤት ስልካችሁን ካላወጣችሁ የሄዳችሁ አይመስላችሁም። ሁለት ቀን ቆይታችሁ «የተሞክሮ ልውውጥ» ትሉታላችሁ። ደብተሩ እኮ የወጣው ሁለተኛው ከተቀዳ በኋላ ነው።

ደግሞ ይህን ስጽፍ ራሴን ታዘብኩ። ቤይሩት ያሉ የቤት ሠራተኞች በ2017 እ.ኤ.አ. «እኛ ለእኛ በስደት»ን ሲመሠርቱ የትኛው ባለሙያ መርቷቸው ነው? በ2020 እ.ኤ.አ. የሊባኖስ ኢኮኖሚ ሲወድቅ አሠሪዎች ልጆቹን ከነሻንጣቸው መንገድ ላይ ሲጥሏቸው ምግብ ያቀረቡት፣ የቤት ኪራይ የከፈሉት፣ ትኬት ያሰባሰቡት እነርሱው ናቸው፤ ያውም በዚያው እኔ በምነቅፈው ስልክ። ካፋላ የመኖሪያ ፈቃድሽን ከአንድ አሠሪ ጋር የሚያስር ሥርዓት ነው፤ ፓስፖርትሽም ብዙ ጊዜ በአሠሪሽ መሳቢያ ውስጥ ይቆያል፤ ከቤት እንዳትወጪ የተከለከልሽ ልጅ የምትቆጠሪው በስልክ ብቻ ነው። ስለዚህ ስለ ስልክ ያልኩትን ግማሹን አንሡልኝ።

ስለ ምስጢር አጠባበቅ አልጽፍም፤ እንዲህ ያለ ደብተር ከማይገባው እጅ ቢገባ ምን እንደሚያስከትል ከእኔ የተሻለ ተምራችኋል። አዲስ ቦታ ስትደርሱ፣ ቅጹ ከቦርሳ ሳይወጣ፣ እዚህ የሄደውን የሚቆጥር ማን ነው ብላችሁ ጠይቁ። የሚቆጥር ካለ የጎደለው ምን እንደሆነ ይነግራችኋል፤ አንዳንዴ የሞባይል ካርድ ነው፣ አንዳንዴ አዲስ ደብተር። ያን ለማጽደቅ አለቃችሁ ዘንድ መጨቃጨቅ ይኖርባችኋል፤ አሥራ አምስት ወንበር ለኮሚቴ መግዛት ይቀላል።

አንድ ነገር ዘልያለሁ። ያን ቀን፣ በመጋቢት፣ የጠፋችው ልጅ እናት መምጣቴን ሰምታ እዚያው ቤት ደረሰች። ስለ ሪፖርቱ ላስረዳት ስጀምር አልሰማችኝም። ከደብተሩ አጠገብ ቁጢጥ ብላ ለልጅ ልጅቷ፣ አሁን ስምንተኛ ክፍል ናት፣ «እስቲ የእኔን አንብቢልኝ» አለቻት።

«ዲኪል። ኦቦክ» አለች ልጅቷ።

«ከኦቦክ ቀጥሎ ማን ነው?»

ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ። እኔ ዝም አልኩ። ጥቂት ቅጠሎች ገልብጣ፣ ከሌላ ልጅ ጭረት አጠገብ ያለውን አነበበችላት። «ራስ አል ዓራ።»

እናትየዋ ስሙን በቃሏ ለመያዝ ሁለት ጊዜ ደገመችው።