ጥያቄና መልስ፦ አነስተኛ አውሮፕላን መሬት ለቆ መውጣት ሲያቅተው

ጥያቄ፦ ሴስና 172 ማብረር የተማርኩት ፍሎሪዳ ነው። እዚያ 300 ሜትር ያህል ተንደርድሬ እነሳ ነበር። ያንኑ አውሮፕላን ከቦሌ ባስነሳ ምን ይለየኛል?

መልስ፦ አየሩ ይለይዎታል። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 7,600 ጫማ ገደማ ነው፤ በዚህ ከፍታ መደበኛው ሙቀት ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ነው። ቀትር ላይ 25 ዲግሪ ከሆነ ለእያንዳንዱ ትርፍ ዲግሪ 120 ጫማ ይጨምሩ፤ 3,000 ጫማ ይመጣል። ስለዚህ ክንፉም ሞተሩም የሚሠሩት 10,600 ጫማ ላይ እንዳሉ ሆነው ነው። አብራሪዎች ዴንሲቲ አልቲቱድ የሚሉት ይህንን ነው። ቱርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ1,000 ጫማው 3 በመቶ ያህል አቅም ስለሚያጣ የ172ኤስ (የሴስና 172 አንዱ ሞዴል) 180 የፈረስ ጉልበት ወደ 125 ገደማ ይወርዳል። የሚንደረደሩበት ርቀትም ከእጥፍ በላይ ይሆናል።

ብዙ አብራሪ የሚሳሳተው ዓይኑን አምኖ ነው። የፍጥነት መለኪያው 55 ኖት (አንድ ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ያህል ነው) ሲያሳይ አውሮፕላኑ መሬት ላይ የሚሮጠው በ65 ኖት ገደማ ነው። አስፋልቱ በጎን ሲከንፍ የሚያይ ሰው ገና በ45 ኖት «ደርሷል» ብሎ መሪውን ይስባል። አውሮፕላኑም ይነሳል፤ ክንፍ ለመሬት ሲቀርብ ያለጊዜውም መንሳፈፍ ይችላልና። ከክንፉ ስፋት፣ ማለትም ከ11 ሜትር ወደሚበልጥ ከፍታ ሲጠጋ ግን ያ ድጋፍ ይጠፋል። የስቶል (ክንፉ አውሮፕላኑን መሸከም የሚያቅተው ሁኔታ) ማስጠንቀቂያው መጮኽ ይጀምራል፣ እጅ ደግሞ በድንጋጤ ይበልጥ ይስባል። አደጋው የሚደርሰው እዚህች ላይ ነው። አፍንጫውን ዝቅ አድርጎ፣ ከመሬቱ ብዙ ሳይርቁ ፍጥነት መሰብሰብ ነው መድኃኒቱ።

ሚክስቸሩን (የቤንዚንና የአየር ድብልቁን የሚመጥነውን መቆጣጠሪያ) ፍሎሪዳ እንደለመዱት እስከ መጨረሻው ገፍተው አይነሱ። ለሳሳው አየር ቤንዚኑ ይበዛበትና ሞተሩ አቅም ያጣል። ፍሬን ይዘው ስሮትሉን (የሞተሩን ኃይል መስጫ) ሙሉ ይስጡ፤ ሚክስቸሩን በጣም በዝግታ ይሳቡ፤ የዙር መለኪያው ከፍ ብሎ መውረድ ሲጀምር ትንሽ መልሰው ይግፉት። ክብደትን በተመለከተ፣ 1,157 ኪሎ የሚለው ገደብ አውሮፕላኑ ያንን ተሸክሞ ከቦሌ በቀትር ይወጣል ማለት አይደለም። ከኋላ የሚነፍስ ነፋስም በየ2 ኖቱ የመነሻውን ርቀት 10 በመቶ ያስረዝመዋል።

በመንደርደሪያው እኩሌታ ላይ የመነሻውን ፍጥነት 70 በመቶ፣ ማለትም 39 ኖት ካላዩ ያቁሙ የሚል የታወቀ ደንብ አለ። ለአጭር መንደርደሪያ ጥሩ ነው። የቦሌው ግን ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ እኩሌታውን መጠበቅ አይጠቅምም፤ የሚያስፈልግዎትን ርቀት ከአውሮፕላኑ መጽሐፍ አስልተው አንድ ምልክት ይምረጡ። እኛን ይበልጥ የሚያሳስበን ከተነሱ በኋላ ያለው ነው። በሰሜን በኩል የእንጦጦ ተራራ ከ3,000 ሜትር በላይ ቆሟል፤ አውሮፕላኑ ግን ሙሉ ጭኖ በሞቃት ቀን በደቂቃ 300 ጫማ እንኳ ላይወጣ ይችላል። በማለዳ መነሳት ይሻላል።

ጥያቄ፦ ልጃችን አብራሪነት እየተማረች ነው። እንደተነሳች ሞተሩ ቢጠፋ ዞራ ወደ መንደርደሪያው ብትመለስ አይሻልም ወይ?

መልስ፦ አይሻልም። መዞሩ 180 ዲግሪ ብቻ አይደለም። ግማሽ ክብ ከዞረች ከመንደርደሪያው ጎን ትሆናለች እንጂ ፊት ለፊቱ አትሆንም፤ ለመስተካከል ሌላ መታጠፍ ይጠበቅባታል። ሰው ሞተሩ መጥፋቱን እስኪያምን ደግሞ 4 ሰከንድ ያህል ያልፋል። በ45 ዲግሪ ተጋድማ ስትዞር ስቶል የሚመጣበት ፍጥነት በ19 በመቶ ይጨምራል፤ በ172ኤስ ከ48 ወደ 57 ኖት። በዝቅተኛ ከፍታ ስቶል ያደረገ አውሮፕላን አይመለስም።

ማድረግ ያለባት ወዲያው አፍንጫውን ዝቅ ማድረግ፣ ፍላፕ (ከክንፉ ኋላ የሚዘረጋው ተጣፊ) ካልተዘረጋ 70 ኖት መያዝና ከፊቷ፣ ከግራም ከቀኝም ከ30 ዲግሪ ሳትርቅ፣ የተሻለውን ሜዳ መምረጥ ነው። ከዚያ ሚክስቸሩን ትዘጋለች፣ ነዳጁን ትቆልፋለች፣ ማግኔቶውን (ለሞተሩ የእሳት ብልጭታ የሚሰጠውን) ታጠፋለች፣ ማረፏ ሲረጋገጥ ማስተር ስዊቹን (ዋናውን የኤሌክትሪክ ማብሪያና ማጥፊያ) ታጠፋለች፤ በሩ እንዳይጣበቅ መሬት ከመንካቷ በፊት መቆለፊያውን ትከፍተዋለች። ይህንን ስሮትል ከመስጠቷ በፊት ድምፅዋን አውጥታ ትበለው።

ሞተር ልክ ሲነሱ የሚጠፋበት አንዱ ምክንያት ውኃ ነው። ከቤንዚን ስለሚከብድ ታንኩ ሥር ይተኛል፤ አፍንጫው ቀና ሲል ተንቀሳቅሶ ወደ ቱቦው ይገባል። 172ኤስ 13 የነዳጅ ማውረጃ ነጥቦች አሉት፤ ሁሉም መታየት አለባቸው። የነዳጁ ናሙና መቅጃ ኩባያ በሙሉ ውኃ ከሆነ የሚለይ መስመር አይታይምና ቀለሙን ትመልከት፦ የ100ኤልኤል ቤንዚን ሰማያዊ ነው።

ጥያቄ፦ ወፍ አነስተኛ አውሮፕላን ይጥላል?

መልስ፦ መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር የተነሳ ቦይንግ 737 በሁለቱም ሞተሮቹ እርግቦች ገብተውበት ወድቋል፤ ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞተዋል። እንደ ሴስና 172 ባለ የፒስተን ሞተር አውሮፕላን ሞተሩ ወፍ አይውጥም፤ የሚያሰጋው የፊት መስታወቱ ነው። መንደርደሪያው ላይ መንጋ ካለ እስኪነሳ ይጠብቁ። አየር ላይ ከገጠመዎት ወፎች አብዛኛውን ጊዜ ወደ ታች ስለሚጠልቁ ከበላያቸው ይለፉ፤ ያውም በቂ ፍጥነት ካለዎት ብቻ።