ማብላት ማዳን ይመስለኝ ነበር

በጽኑ ሕሙማን ክፍል ለምትሠሩና ምርምር ለምትጀምሩ ልጆቼ፣

ሥራ በጀመርኩበት ሆስፒታል የጽኑ ሕሙማን ክፍል በር ላይ አንዲት እናት በየጠዋቱ ፔርሙዝ ይዘው ይቆሙ ነበር። ውስጡ አጥሚት ነው። ቱቦውን እንዳይዘጋ ሁለቴ በወንፊት ያጠሉታል። ልጃቸው በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ነበር። ነርሷ በ50 ሲሲ ሲሪንጅ እየቀዳች በአፍንጫ ቱቦው ቀስ አድርጋ ትሰጠዋለች። እሳቸው በበሩ መስታወት እያዩ "ጨረሰው?" ይሉኛል። "ጨረሰ" ስላቸው ፊታቸው ይፈካል። እኔም ደስ ይለኝ ነበር። ስንት ካሎሪ፣ ስንት ፕሮቲን እንደገባ ግን አላውቅም። ቻርቱ ላይ የሚጻፈው "በቱቦ ተመግቧል" ብቻ ነው።

ልጁ በ19ኛው ቀን አረፈ። አጥሚቱ ጎዳው አልልም። ቢጨመርለት ይድን ነበር ብዬም አልምልም። ወደ ኋላ ሄጄ የማየው ጽሑፍ አልነበረኝም።

ያኔ የታመመ ሰው በበላ ቁጥር ይድናል ብዬ አምን ነበር። በእኛ አገር ይህን የማያምን ማን አለ? የታመመ ስንጠይቅ ቀድሞ ከአፋችን የሚወጣው "እህል ይቀምሳል?" ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ሆስፒታሎችም ብዙ ሐኪሞች እንዲሁ ያስቡ ነበር።

በ2011 እ.ኤ.አ. ኢፓኒክ የተባለው ጥናት ከቤልጂየም ወጣ። 4640 ታማሚዎች ነበሩበት። በቱቦ የሚሰጠው ምግብ ካልበቃ ጉድለቱን ቶሎ በደም ሥር እንሙላ ወይስ እስከ 8ኛው ቀን እንጠብቅ? ማን በየትኛው ቡድን እንደሚገባ በዕጣ ተወሰነ። በሞት ልዩነት አልታየም። ኢንፌክሽን ግን ቶሎ ከተሞላላቸው 26.2 በመቶውን፣ ከጠበቁት 22.8 በመቶውን ያዘ። የጠበቁት ከክፍሉም ቀድመው ወጡ። ጽሑፉን ሁለቴ አነበብኩት። በሦስተኛው ላይ እኚያ እናት ትዝ አሉኝ።

በሕመሙ የመጀመሪያ ቀናት ሰውነት የራሱን ጡንቻ እያፈረሰ ስኳር ይሠራል። እኛ ከውጭ ስንጨምርለት ይህን ሥራውን አያቆምም። ስለዚህ የጨመርነው ሁሉ ለጥቅም አይውልም።

ይበልጥ ያስደነገጠኝ ግን የግሉታሚን ጉዳይ ነው። ሐሳቡ በወረቀት ላይ እንከን አልነበረውም። በከባድ ሕመም ጊዜ በደም ውስጥ ያለው ግሉታሚን ይወርዳል። በጣም የወረደባቸው ደግሞ በብዛት ይሞታሉ። ግሉታሚን ከፕሮቲን መሥሪያዎቹ አንዱ ነው፤ እንግዲያው እንስጣቸው ተባለ። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው ሬዶክስ የተባለ ጥናት ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የአካል ክፍላቸው ሥራ የተሳናቸውን 1223 ጽኑ ሕሙማን ተከታተለ። በ6 ወር ውስጥ ግሉታሚን ካገኙት 43.7 በመቶ፣ ካላገኙት 37.2 በመቶ ሞቱ። በቅን ልብ የተሰጠ ነገር ነበር። ጥናቱ ባይሠራ ኖሮ እስከ ዛሬ እንሰጠው ነበር ብዬ አስባለሁ።

ታርጌት የተባለው የአውስትራሊያና የኒውዚላንድ ጥናት ደግሞ 3957 ሰዎች ላይ ከፍ ያለ ካሎሪን ከተለመደው ጋር አነጻጽሮ በ90 ቀን ሞት ላይ ልዩነት አላገኘም። ልዩነት አልተገኘም ማለት ጥናቱ ከሸፈ ማለት አይደለምና እንዲህ ያለ ውጤት ቢደርሳችሁ መሳቢያ ውስጥ አትቅበሩት።

አደራ፣ ይህን አንብባችሁ ታማሚ አታስርቡ። የደም ግፊቱ የተረጋጋ ሰው በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ውስጥ በቱቦ በትንሹ ይጀመርለት፤ ከዚያ በየቀኑ ይጨመርለት። ክፉኛ የከሳ ልጅ ያከመ የአገራችን ነርስ ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል። መጀመሪያ ቀለል ያለው የሕክምና ወተት ኤፍ 75፣ በኋላ ጠንከር ያለው ኤፍ 100። የተራበ ሰውነት በአንድ ጊዜ ሲሞላ ፎስፌት የተባለው ማዕድን ከደም ወደ ሴል ይገባና ልብም የመተንፈሻ ጡንቻም ይደክማል።

እዚህ ላይ ነው የእናንተ ሥራ የሚጀምረው። ኢፓኒክ በጣም የከሱ ሰዎችን፣ ማለትም ክብደትን ከቁመት ጋር የሚያመዛዝነው ልኬታቸው (ቢኤምአይ) ከ17 በታች የሆነውን፣ አላካተተም። ከስቶ ወደ እኛ የሚመጣው ታማሚ እዚያ ቁጥር ውስጥ የለም። ስለ እሱ ማንም በእናንተ ምትክ አይጠይቅም።

ትልቅ ገንዘብ እስኪመጣ አትጠብቁ። የታዘዘው ምግብ ስንት ነበር? የገባውስ? ለምን ተቋረጠ? ለቀዶ ጥገና ነው፣ ቱቦው ወጥቶ ነው፣ ወይስ ሌሊቱን የሚሰጥ ሰው አጥቶ? ይህን ለሦስት ወር በጥንቃቄ መዝግቡ። ከሆስፒታል የወጣውንም ከ6 ወር በኋላ ደውላችሁ ጠይቁት። ከበርጩማ ያለ ድጋፍ ይነሳል? ሥራው ተመልሷል?

ዕጣ ያለበት ጥናት ስትጀምሩ ቤተሰብ "ልጄን መሞከሪያ ልታደርጉት ነው?" ይላችኋል። አትቆጡ። ተቀምጣችሁ "ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል እኛም አናውቅም፤ ለማወቅ ነው" በሏቸው። እውነቱ ይኸው ነው። እምቢ ካሉም እንክብካቤው በምንም እንዳይጎድል።

ነገ ተረኛ የሆነ ካለ፣ ፔርሙዙን ሲቀበል እግረ መንገዱን ይጠይቅ። ስንት ማንኪያ ዱቄት ገባበት? ወተት አለው? እናትየው ደስ ብሏቸው ይነግሩታል። መልሱን በሚሊ ሊትር ከገባው ጋር ቻርቱ ላይ ይጻፈው።