የክረምት ንባብ ዕቅድ፦ ልተወው ወይስ ልቀጥል?

«ነሐሴ ገብቶ ዕቅዴ ግማሽ እንኳ አልደረሰም፣ ልተወው?» ላልሽው፣ እኔ አትተዪው ባይ ነኝ። የኔም ከሰኔ እስከ እንቁጣጣሽ ነው፤ ገና ብዙ ይቀረኛል፣ ግን ደስ ብሎኛል። ዘንድሮ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሳልቸኩል እያነበብኩ ነዋ! በ1958 ዓ.ም. የታተመ ወፍራም መጽሐፍ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው የሰማ ሰው ያነበበው ይመስለዋል፣ ጉዱ ካሣ ስለ ወግና ልማድ የሚናገረው ግን ቆም ብለው፣ ገጹን መልሰው ካላነበቡት በደንብ አይገባም። እንዲህ ያለው አንዱ ሦስት ቀጫጭን መጽሐፍ ያህላል። ስለዚህ ቁጥሩን ቀንሺው። ከቀሩሽ ውስጥ በጣም የሚያጓጓሽን ምረጪ፣ ማታ ዝናቡ ሲጀምር ስልክሽን ሌላ ክፍል አስቀምጪና ሃያ ገጽ አንብቢ። ጳጉሜንም አትርሻት፣ ለንባብ ትመቻለች።