ቤንዚኑ ዛሬ ከቤትሽ እንዳያድር

ይድረስ ለምክር አምዱ አዘጋጅ፤

ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ብዙ በማይርቅ ሰፈር፣ በተከራየነው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ከባለቤቴ፣ ከ4 ዓመት ወንድ ልጄና ከአንድ ዓመት ተኩል ሴት ልጄ ጋር እኖራለሁ። ትዕግሥቴ አልቋል። ማለዳ አጥፌ የደረደርሁት ልብስ ረፋድ ላይ ወለሉን ሞልቶት አገኘዋለሁ። ቧንቧው በፈረቃ ስለሚመጣ ጄሪካንና ባልዲ መተላለፊያውን ይዞታል፤ ከባለቤቴ ወላጆች የተላከው የጤፍ ማዳበሪያ ከሶፋው ኋላ ቆሟል፤ ለልጆቹ የጠበባቸው ልብስም «ለሚቀጥለው ይሆናል» እየተባለ በሦስት ሻንጣ ታጭቋል። ባለቤቴ የባጃጅ ሹፌር ስለሆነ አሮጌ ጎማና መለዋወጫ ያከማቻል፤ ተሰልፎ ያገኘውን ቤንዚንም በሃይላንድ እየቀዳ ከአልጋው ሥር ያኖራል፤ ባለፈው ሳምንት ትንሿ አንዱን ስባ ክዳኑን ስታኝክ ደርሼ ቀማኋት። ዕቃውን አንሣልኝ ባልሁት ቁጥር ያኮርፋል። እኅቱ በመጣች ቁጥር «ቤትሽ ቅዳሜ ገበያ መሰለ» ስለምትለኝ ጎረቤት ለቡና መጥራት እንኳ ትቻለሁ።

እናቴ ዘጌ ትኖራለች። ቤቱን ይበልጥ የሚያተራምሰው ትልቁ ልጄ ነውና፣ ቤቱ መልክ እስኪይዝ ድረስ ለእርሷ ብሰጠው ኃጢአት ይሆንብኛል?

የመረራት እናት

መልስ

እኅቴ ሆይ፤

ቤንዚኑ ዛሬ ከቤትሽ እንዳያድር። ስለ ኩርፊያና ስለ ሐሜት ይህን ያህል ጽፈሽ፣ ልጅሽ ለሞት የቀረበችበትን ቀን በአንድ ሐረግ ማለፍሽ አስቆጥቶኛል። ለእርሷ ሃይላንድ ማለት ውኃ ነው፤ ሌላ ነገር ሊቀዳበት እንደሚችል ከማን ትማረው? ቤንዚን የጠጣ ሕፃን ትን ሲለው ወይም ሲያስመልሰው ቤንዚኑ ወደ ሳንባው ይገባል፤ ክፉኛ የሚጎዳውም በዚህ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ነገር ቢደርስ ጣት አግብቶ ማስመለስ ወይም በወተት ይሽራል ብሎ መጠበቅ አይገባም፤ ጠርሙሱን ይዞ ወዲያው ወደ ሕክምና መሮጥ ነው። የቤንዚን ትነት ደግሞ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል ይሄዳል፤ ቡና የምታፈዪበት ከሰል በሌላኛው ክፍል ቢሆንም ሊደርስበት ይችላል። ባለቤትሽ ቢያኮርፍ ያኩርፍ፤ ቤንዚኑን ሰው ከማይተኛበት፣ እሳት ከማይደርስበት ቦታ የማኖሩ ኃላፊነት የእርሱ ነው። በረኪናም በሃይላንድ ገዝተሽ እንደሆነ፣ እርሱንም ልጆቹ ከማይደርሱበት ቦታ ከፍ አድርጊው። ትንሿ በጭንቅላቷ ልትደፋበት ትችላለችና የባልዲው ውኃ ሳይከደን አይዋል። ጎማውም ደጅ ቢወጣ ይሸፈን፤ የክረምት ውኃ ከተጠራቀመበት ትንኝ ይፈለፈልበታል።

ኃጢአት ነው ወይ ላልሽው የንስሐ አባትሽ ይመልሱልሽ፤ እኔ ግን አትላኪው እላለሁ። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብሁት፤ ጎማውን ያመጣው፣ ሻንጣውን ያጨቀው፣ ማዳበሪያውን ያቆመው ልጅሽ አይደለም፤ እርሱ ያዝረከረከው ከልብስ በቀር አንድም አላየሁም። አያቱ ዘንድ በጀልባ ሄዶ ሳምንት ቢሰነብት ደስታው ነው፤ እኅቱ በጉያሽ ቀርታ እርሱ ቤት በማተራመሱ መሰደዱን ካወቀ ግን፣ የ4 ዓመት ልጅ ይህን ለማንም የሚነግርበት ቃል የለውም፤ ብቻውን ይዞት ይኖራል። ይልቅስ አንድ ማእዘን ስጪው፤ መጫወቻውን የሚከትበት አንድ ካርቶን ይኑረው፣ ማታ ማታ አብራችሁ ሰብስቡት።

ከሦስቱ ሻንጣዎች አንዱን አስቀሪ፤ የቀረውን አራስ ላለባት ጎረቤት ስጪ፣ የነተበውን ለልዋጭ። አንቺን ያደከመሽ ከዕቃው ይበልጥ በሩን ዘግተሽ ብቻሽን መቅረትሽ ይመስለኛል። ቤቱ እስኪስተካከል አትጠብቂ፤ ቤንዚኑ ከወጣ በኋላ ቡናሽን አፍዪና ጎረቤትሽን ጥሪያት፤ እርሷ ልጆቹን ስትይዝልሽ አንቺ የመጀመሪያውን ሻንጣ ትከፍቻለሽ።