መልስ፦ መንታ ለጨነገፈች ባዝራ

ባዝራቸው (ሴት ፈረሳቸው) ባለፈው ዓመት በእርግዝናዋ ስምንተኛ ወር መንታ ስለ ጨነገፈች ዘንድሮ እንደገና ትጠቃ (ከድንጉላ፣ ማለት ከወንድ ፈረስ፣ ጋር ትገናኝ) ዘንድ ይገባ እንደሆነ ከአዘዞ ለጠየቁን ወንድም፦ መጠቃቷ የሚከለከል አይደለም፤ ሆኖም በአንድ ድራት (ወንድ በምትፈልግበት ጊዜ) ሁለት እንቁላል የጣለች ባዝራ ይህንኑ ልትደግመው ስለምትችል ክትትሉ ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይጀመር።

በግ መንታ ስትወልድ ደስ ይለናል፤ የባዝራ ነገር ግን ሌላ ነው። የእንግዴ ልጁ መላውን የማኅፀን ግድግዳ ይዞ የሚመግበው አንድ ውርንጭላ ሲሆን፣ ሁለት ሲሆኑ ቦታውን ይሻማሉ፤ ምግብ ያነሰው ሲሞት አብዛኛውን ጊዜ ሌላውም አብሮ ይወጣል።

እንቁላል ከወጣ ከ14 እስከ 16 ባሉት ቀናት በአልትራሳውንድ ከታየች፣ ሁለቱ የፅንስ ከረጢቶች በማኅፀን ውስጥ ገና ስለሚንቀሳቀሱ፣ የሠለጠነ ሐኪም አንዱን ለይቶ በእጁ በመጭመቅ ሊያጠፋው ይችላል፤ የቀረውም ብዙ ጊዜ በደኅና ያድጋል። ከዚያ በኋላ ከረጢቶቹ ባሉበት ስለሚረጉ፣ በተለይ ጎን ለጎን ከሆኑ፣ ሥራው ይከብዳል። ከ35 ቀን ካለፈ ደግሞ እርግዝናው በሙሉ ቢቋረጥ እንኳ ባዝራዋ ለወራት በአግባቡ ላትደራ ትችላለች፤ ወቅቱ ባከነ ማለት ነው። ስለዚህ ድንጉላ ከማቅረብዎ በፊት በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ስለ መሣሪያው ጠይቀው ቀን ያስይዙ፤ ከ14 እስከ 16 ቀን ባለው ፅንስ በእጅ ዳሰሳ ብቻ መተማመን አይበቃም።

ጊዜው ካመለጠ፣ ከመውለጃዋ ሳምንታት ቀድሞ ጡቷ ቢያጋትና ወተት ቢያንጠባጥብ ሐኪም ይጥሩ። ከወለደች ወይም ከጨነገፈች በኋላ የእንግዴ ልጁ በ3 ሰዓት ውስጥ ካልወጣ አስቸኳይ ነውና ሐኪም ይጥሩ፤ በእጅ አይጎተት።